ከሕዋ የሚለካው ፎቅ፦ ራዳር ማንን ያያል፣ ማንንስ ይዘላል?

ጂ+4፣ ጂ+7፣ ጂ+12።

እኛ አገር የሕንፃ ስሙ ይሄ ነው። ደላላውም፣ መሐንዲሱም፣ ቤት ፈላጊውም መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጂ ፕላስ ስንት ነው?" ብሎ ነው። እስቲ ጥያቄውን ትንሽ ሰፋ እናድርገው። በመላ አገሪቱ ስንት ጂ+4 አለ? ሐዋሳ እያደገች ያለችው ወደ ላይ ነው ወደ ጎን? ደሴስ?

ይህንን እንመልሳለን የሚሉ ካርታዎች አሁን አሉ። ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳሉ። የሠራቸው ግን ሜትር ይዞ ሰፈር ለሰፈር የዞረ ሰው አይደለም። አብዛኞቹ መነሻቸው ከሕዋ ሆነው የምድርን ከፍታና ዝቅታ የለኩ ራዳሮች ናቸው። ዛሬ የምናወራው ስለነሱ ነው፦ ምን ያህል ያያሉ፣ ምንስ ያመልጣቸዋል?

"ታዲያ እኛን ምን አገባን?" የሚል ይኖራል። ከሱ እንጀምር።

ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ቆጠራ ግን ተራዘመ፣ ከዚያ ደግሞ ተራዘመ። በ1999ኙ ቆጠራ አዲስ አበባ ውስጥ የተገኘው ሰው 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ይህን ጽሑፍ በራሱ ስልክ እያነበበ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ክትባት ለማዳረስ፣ የውሃ መስመር ለመዘርጋት፣ ወይም አደጋ ቢደርስ ስንት ሰው እንደሚነካ ለመገመት የሚፈልግ ድርጅት ምን ያደርጋል? አሮጌውን ቆጠራ ወደ ፊት በግምት ያሳድገዋል፤ ከዚያ ያንን ሕዝብ ሳተላይት ባያቸው ቤቶች ላይ ያከፋፍለዋል። የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ምርምር ማዕከል በነፃ የሚያወጣው የዓለም ሰፈራ መረጃ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ማከፋፈያው ደግሞ ቤቱ መሬት ላይ የያዘው ስፋት ብቻ አይደለም፤ ስፋቱ በቁመቱ ተባዝቶ ነው። አምስት ወለል ያለው ኮንዶሚኒየም ከአንድ ወለል ቤት የበለጠ ሰው ይይዛል፤ ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ቁመቱ ሲሳሳት ነው። ያኔ እናንተ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ ካርታው ላይ ግን ሌላ ሰፈር ገብታችኋል።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ የፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ ምን እንደተሰማችሁ አስታውሱ። ቦታው ከአዲስ አበባ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሆኖም ፎቅ ላይ ያለው ሰው ሌሊት ሌሊት ልጁን ታቅፎ ደረጃ ሲወርድ፣ ምድር ቤት የሚኖረው ጎረቤቱ ምንም ሳይሰማው ያደረበት ጊዜ ነበር። እንዲህ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከሩቅ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ፈጣን ሞገዶቹን መንገድ ላይ ይጨርስና ዘገምተኞቹ ይደርሳሉ። ሁለተኛው፣ ረጅም ሕንፃ በተፈጥሮው የሚወዛወዘው በዝግታ ነው። መሐንዲሶች በግርድፉ ሲያሰሉት ለአንድ ወለል 0.1 ሰከንድ ይይዛሉ፤ አምስት ወለል ግማሽ ሰከንድ፣ ሃያ ወለል ሁለት ሰከንድ። ሁለቱ ዝግታዎች ሲገጥሙ ሕንፃው ይወዛወዛል። ስለዚህ የትኛው ሰፈር ምን ያህል ቁመት ያለው ሕንፃ እንዳለ ማወቅ፣ የትኛው ሰፈር በምን ዓይነት መንቀጥቀጥ እንደሚጎዳ ለማወቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

አሁን ወደ ራዳሩ።

ራዳር ማለት በቀላሉ የገደል ማሚቶ ነው። ገደል አፋፍ ቆማችሁ ስትጮኹ ድምፃችሁ ተመልሶ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ የገደሉን ርቀት ይነግራችኋል። ሳተላይቱም እንደዛው ነው፤ በድምፅ ፋንታ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ሌሊት ቢሆን፣ ሰማዩ በደመና ቢሸፈን ግድ የለውም። ክረምታችንን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባን ከሰማይ ፎቶ ላንሳ የሚል ካሜራ የሚያገኘው ደመና ብቻ ነው።

ከፍታ ለማወቅ ግን አንድ ጆሮ አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል። ሁለት አንቴናዎች ትንሽ ተራርቀው ያንኑ ማሚቶ ሲሰሙት የሚፈጠረው ጥቃቅን ልዩነት የቦታውን ከፍታ ይሰጣል። በየካቲት 1992 ዓ.ም. የአሜሪካኗ ኢንደቨር መንኮራኩር አንዱን አንቴና ሆዷ ውስጥ፣ ሌላውን 60 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ጫፍ ላይ አድርጋ ወጣች። በ11 ቀን ውስጥ ከዓለም የብስ 80 በመቶ ያህሉን ለካች። የእኛም አገር ተለካ። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ጀርመኖች ሁለት ሳተላይቶችን በጥቂት መቶ ሜትር አራርቀው ጎን ለጎን በማብረር ዓለምን እንደገና፣ በጣም በተሻለ ጥራት ለኩት። ዛሬ የአውሮፓው ኮፐርኒከስ ፕሮግራም በነፃ የሚሰጠው የከፍታ ካርታ የተሠራው ከሱ ነው፤ መረጃው የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ነው።

እነዚህን ዓመታት ያዙልን፣ እንመለስባቸዋለን።

የመጀመሪያው ራዳር በ1992 ሲያልፍ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ያለበት ቦታ ላይ የነበረው "ዓለም በቃኝ" የሚባለው እስር ቤት ነው። የጀርመኖቹ ሳተላይቶች እየለኩ ሳሉ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ አዲሱ ሕንፃ ተመረቀ። ቁመቱ 99.9 ሜትር ነው፤ ቁጥሩ የድርጅቱ ምሥረታ የታወጀበትን እ.ኤ.አ. 9/9/1999ን ለማስታወስ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። አዲሱን ካርታ ከአሮጌው ብትቀንሱ እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ጉብታ ብቅ ማለት አለበት። አንዱ የሕንፃ ቁመት ማውጫ ዘዴ ይሄው ነው፦ በፊት ያልነበረ ነገር አሁን ካለ፣ ልዩነቱ ሕንፃ ነው።

ይሄ ግን የሚሠራው በመሀል ለተገነባ ብቻ ነው። ከ1992 በፊት የቆመው ፒያሳስ? መርካቶስ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ራዳር የሚለካው መጀመሪያ ያገኘውን ነገር ነው፤ ጣሪያ ይሁን፣ ባሕር ዛፍ ይሁን፣ አስፋልት ይሁን አይጠይቅም። "እዚህ ነጥብ ላይ 2,360 ሜትር" ይላል፣ አለቀ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ መሬት፣ ስንቱ ሕንፃ እንደሆነ የምንለየው እኛ ነን። የተለመደው ብልሃት በዙሪያው ያለውን ዝቅ ያለ ቦታ፣ ማለትም መንገዱን፣ ግቢውን፣ ሜዳውን ፈልጎ "መሬቱ እዚህ ጋ ነው" ማለትና ከጣሪያው ከፍታ መቀነስ ነው።

ሐዋሳ ላይ ይሄ ጥሩ ይሠራል። ሐይቅ ዳር ያለች ሜዳማ ከተማ ናት፤ መንገዶቿም ሰፋፊ ናቸው። አዲስ አበባን ግን አስቡት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ወደ 2,100 ዝቅ ይላል። ከተማዋ በሙሉ ተዳፋት ናት። ከላይኛው መንገድ ሲያዩት ጂ+3 የሆነ ሕንፃ ከታችኛው መንገድ ጂ+5 ሆኖ ይቆማል፤ ባለቤቱ ራሱ "ቤዝመንቱን ቆጥሬ ነው ሳልቆጥር?" ብሎ ይከራከራል። ራዳሩ ከየትኛው በኩል ይለካ? ደሴን ደግሞ ጦሳ ሥር ያያት ያውቃታል፤ እዚያ በተራራና በሕንፃ መሀል ያለውን ልዩነት ማሽን በቀላሉ አይለየውም። በዚያ ላይ ባሕር ዛፉ አለ። የእንጦጦ ጫካ ራዳሩ ላይ እንደ ጂ+5 ሰፈር ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ካርታ ሠሪዎቹ መጀመሪያ "ሰው የገነባበት ቦታ የቱ ነው" የሚል ሌላ ካርታ ያነጥፉና ከሱ ውጪ ያለውን ይጥሉታል። ግቢ ውስጥ ያለው ዛፍ ግን አሁንም ያታልላል።

መርካቶ ሌላ ፈተና ነው። የነፃው ካርታ አንድ ፒክስል 30 በ30 ሜትር ነው፤ 900 ካሬ መሆኑ ነው። በጣሪያ ከተያያዘና ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከማያሳልፍ ሰፈር ውስጥ 900 ካሬ ብትቆርጡ ባዶ መሬት የሚባል ነገር አታገኙም። ማሽኑም ዝቅተኛ ቦታ ሲፈልግ የሚያገኘው ጣሪያ ስለሆነ፣ ጣሪያውን "መሬት" ብሎ ይይዘዋል። ውጤቱ? ሰፈሩ በሙሉ ቁመቱ ዜሮ ይሆናል። ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፋበት ቦታ ካርታው ላይ ሜዳ መስሎ ይታያል።

በእኛ እይታ የጉዳዩ እምብርት ይሄ ነው። የጀርመኖቹ ሳተላይቶች ሲነደፉ በሁለት ጎረቤት ነጥቦች መሀል የሚፈቀድላቸው የከፍታ ስህተት ደልዳላ ቦታ ላይ 2 ሜትር፣ ተዳፋት ላይ 4 ሜትር ነበር። ለዓለም ካርታ ይሄ ግሩም ነው። የቀበሌ ቤት ጣሪያ ግን ስንት ሜትር ነው? 3 ቢሆን ነው። ቤቱ ከስህተቱ አይበልጥም ማለት ነው። ቆርቆሮው ደግሞ አንዳንዴ የራዳሩን ሞገድ እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያንፀባርቀዋል፤ ማሚቶው ወደ ሳተላይቱ አይመለስም። የገጠሩን ጎጆማ ተዉት። ስለዚህ በዚህ ካርታ ላይ በግልጽ የሚታየው ጂ+4ና ከዚያ በላይ ነው። ከሥር ያለው፣ ማለትም አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚኖርበት ቤት፣ ጭጋግ ውስጥ ነው።

ረጃጅሞቹም ቢሆኑ ሙሉ ቁመታቸውን አያገኙም። ለማስረዳት ያህል 20 በ20 ሜትር ቦታ ላይ የቆመ 40 ሜትር ሕንፃ እንውሰድ። ከ900 ካሬው ፒክስል የያዘው 400 ካሬ ነው። የቀረው ባዶ ከሆነ አማካዩ 18 ሜትር ገደማ ይመጣል። ጂ+12 የነበረው ጂ+5 ሆነ! በዚያ ላይ ራዳሩ የሚያየው ወደ ጎን አጋድሎ ነው። ስለዚህ የሕንፃው አናት ከእግሩ ይልቅ ለሳተላይቱ ይቀርባል፤ የአናቱ ማሚቶ ቀድሞ ይደርስና ሕንፃው ወደ ሳተላይቱ በኩል የተኛ ይመስላል። ጀርባው ደግሞ ጥላ ነው፣ ምንም አይታይም። ረጃጅም ሕንፃዎች ሲጠጋጉ አንዱ የሌላውን ይሸፍናል።

ዓመታቱን ያዙልን ብለን ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ 209 ሜትር፣ የአገሪቱ ረጅሙ ሕንፃ፣ የተመረቀው የካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። የነፃው የራዳር ካርታ መረጃ ግን እ.ኤ.አ. 2015 ላይ ቆሟል። ስለዚህ በዚህ ካርታ ላይ የአገሪቱ ረጅሙ ሕንፃ የለም። ከዚያ ወዲህ የመጣው የኮሪደር ልማትም የለም፤ በ2016 ዓ.ም. የፈረሰው የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ካርታው ውስጥ አሁንም ቆሟል፣ ነዋሪው ከሄደ በኋላ እንኳን። በዚህ ካርታ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ሕዝብ የሚያከፋፍል ሰው፣ ከሄዱት ሰዎች የተወሰኑትን አሁንም እዚያ ያኖራቸዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። ስትራክቸሩ ቆሞ፣ ፌሮው አናቱ ላይ እንደ ፀጉር ተንጨፍርሮ፣ ብሎኬት ሳይገባለት ዓመታት ያስቆጠረ ሕንፃ የሌለበት ሰፈር ታውቃላችሁ? ራዳሩ ይህን እንደ ሙሉ ሕንፃ ነው የሚያየው። ካርታ ሠሪዎቹ መኖሪያውን ከንግድና ከፋብሪካ ለመለየት ይሞክራሉ፤ ሰው የገባበትንና ያልገባበትን መለየት ግን ከዚያ ርቀት የሚቻል አይደለም። መብራት ገብቷል? ልብስ ተሰጥቷል? ይሄን የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው።

ታዲያ ቴክኖሎጂው ዋጋ ቢስ ነው ማለታችን ነው? በፍጹም። የጀርመን የአየርና ሕዋ ማዕከል ከነዚሁ የራዳር መረጃዎች ተነሥቶ የዓለምን ሕንፃዎች አማካይ ቁመት በ90 ሜትር ፒክስል አውጥቷል። "ቦሌ ከኮልፌ ይረዝማል ወይ?" ለሚል ጥያቄ ጥሩ መልስ ይሰጣል። "የእኔ ሕንፃ ስንት ሜትር ነው?" ለሚለው ግን አልተሠራም። ካርታውን ለማይችለው ሥራ ስንጠቀምበት ነው የምንሳሳተው።

የካሜራው መንገድም እየመጣ ነው። ጉግል ከአክራ ቢሮው የጀመረው "ኦፕን ቢልዲንግስ" የሚባል ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2023 ያለውን በየዓመቱ፣ የአፍሪካን ሕንፃዎች ቁመት ጨምሮ፣ በነፃ አውጥቷል። የሚጠቀመው ራዳር ሳይሆን በነፃ የሚገኝ የሳተላይት ፎቶ ነው፤ ቁመቱን የሚገምተው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። አማካይ ስህተቱ 1.5 ሜትር ነው ይላሉ፣ ከአንድ ወለል በታች ማለት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ዓመት በዓመት ማሳየቱ ነው፤ ሰፈራችሁ በስምንት ዓመት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ ማየት ትችላላችሁ። በነገራችን ላይ የቁመት ልኬቱ ጣሪያ 100 ሜትር ነው። የንግድ ባንክ ሕንፃ እዚህም ግማሹ ከደመናው በላይ ቀረ። አማካይ ስህተት ደግሞ አማካይ ነው፤ አንድ ሰፈር ላይ ብዙ፣ ሌላው ላይ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

ሀብታም አገሮች ይህን ሁሉ ጣጣ የዘለሉት በገንዘብ ነው። ኔዘርላንድ አገሯን ከዳር እስከ ዳር ከአውሮፕላን በሌዘር ለክታ፣ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕንፃዎቿን ባለሦስት አውታር አድርጋ በነፃ ለቃዋለች። እኛ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በአውሮፕላን ሌዘር እንልካ ብንል ወጪው አይቀመስም።

ግን አንድ ርካሽ ነገር አለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በምድብ ሲከፍል ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን ሁሉ ጥብቅ ቁጥጥር የሚያስፈልገው ምድብ "ሐ" ውስጥ አስገብቶት ነበር። ይህ ማለት ሕጉን ተከትሎ ፈቃድ ያወጣ ሕንፃ ቁመቱ ፕላኑ ላይ ተጽፏል። ራዳሩ በግምት የሚፈልገው ቁጥር ማዘጋጃ ቤት መደርደሪያ ላይ በሴንቲ ሜትር ደረጃ አለ። የባለቤቱ ስም ይቅር፣ ዋጋው ይቅር። ቦታው፣ የወለሉ ብዛትና ቁመቱ ብቻ ቢለቀቅ፣ በሺህ የሚቆጠር የታወቀ ቁመት የሳተላይቱን ካርታ ለማረም በቂ ነው። "ለደኅንነት ሲባል ሚስጥር ነው" የሚል ካለ ደግሞ፣ ግምቱን ማንም ሰው ከኢንተርኔት እያወረደው ስለሆነ የተደበቀው ትክክለኛው ቁጥር ብቻ ነው።

ፈቃዱ የጸደቀው ለጂ+4 ሆኖ የተሠራው ጂ+6 ከሆነስ? ያኔ የሰማዩንና የመዝገቡን ካርታ ማነጻጸር የበለጠ ይጠቅማል። ልዩነቱ የበዛበትን ቦታ ሄዶ ማየት ነው። ፌሮው ለአራት ፎቅ ተሰልቶ ስድስት የተሸከመ ሕንፃ ፈንታሌ ሲነቃነቅ ምን እንደሚሆን መገመት ከባድ አይደለም።

መንግሥት እስኪለቀው መጠበቅ የማትፈልጉ ደግሞ አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ "ስትሪትኮምፕሊት" የሚባል ነፃ አፕ ጫኑ። ሰፈራችሁ ስትንቀሳቀሱ ካርታው ላይ የጎደለውን እየመረጠ ይጠይቃችኋል፤ አንዱ ጥያቄ "ይህ ሕንፃ ስንት ወለል አለው?" የሚል ነው። የመለሳችሁት ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው፣ ማንም በነፃ በሚጠቀምበት ካርታ ላይ ይገባል። ሳተላይት በሚሊዮን ዶላር የሚገምተውን እናንተ ታክሲ እየጠበቃችሁ በአምስት ሰከንድ ትቆጥሩታላችሁ። የአንድ ወለሏን የቆርቆሮ ቤትም መዝግቡ፤ ራዳሩ የማያያት እሷን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አፑ ምድሩንም እንደ ወለል ይቆጥራል። ጂ+4 ካላችሁ የምትጽፉት 5 ነው።